ጭኔ ላይ የቀለጠው በረዶ

ግማሽ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ እስከ አፉ ተሞልቶ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ሦስት አራተኛው ድረስ ብቻ ነው መሞላት ያለበት፤ ክዳኑም መጀመሪያ ላላ ተደርጎ ይቀመጥና ውሃው ከረጋ በኋላ ይጠብቃል። መብራት ካለ፣ ጠዋት የገባው ለምሳ ሰዓት ይደርሳል። መብራት ከጠፋ ግን ዳር ዳሩ ብቻ ይረጋና መሀሉ ውሃ እንደሆነ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው እጅ ውስጥ ብዙ አይቆይም። ይህን ሁሉ የማውቀው ቀዝቃዛ ውሃ ስለምሸጥ አይደለም። ሥራዬ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስልክ መጠገን ነው። በረዶው የታዘዘልኝ ለሕመሜ ነው።

የሕመሜ ስም ረጅም ነው። ሆስፒታል የምታክመኝ ሲስተር በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ ወደ አማርኛ ልትመልሰው ስትሞክር መሀል ላይ ደከማትና ሁለታችንም «ቦርደርላይን» ብለን ተውነው። እኔ ትምህርቴን ከዐሥረኛ ክፍል አቋርጬ ጥገናን ከስልክ ላይ የተማርኩ ሰው ነኝና ይህንንም ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። ባጭሩ፣ ሰው «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ሲለኝ እኔ የምሰማው «ከእንግዲህ አንተዋወቅም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እንደ ቀኑ ነው። አንዳንድ ቀን እለምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን እሳደባለሁ፣ አንዳንድ ቀን ራሴን እጎዳለሁ። በሙቀትም ቢሆን እጅጌዬን የማልሰበስበው ግራ ክንዴ ላይ ያሉት መስመሮች እንዳይታዩ ነው። ሱቁን አብሮኝ የከፈተው ጓደኛዬ አንድ ቀን ሳይጠራኝ ምሳ በላ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ለሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ስድብ አወረድኩበት፤ በማግስቱ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ምሳው ሽሮ ነበር።

ሲስተሯ የሰጠችኝ ወረቀት «ጭንቅን የመቻል ክህሎቶች» ይላል። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ስለሆነ የግራው ጠርዝ ተቆርጦ የየመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል የለም፤ ቤቴ ወስጄ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ሞላሁት። ስመልስላት አየችውና ለሌሎቹ ታካሚዎች የሚሆነውን ከእኔ ላይ ፎቶኮፒ አደረገች።

«ይኼ ችግርህን አይፈታልህም» አለችኝ። «ችግሩ ላይ ሌላ ችግር እንዳትጨምርበት ነው። ማዕበሉ እስኪያልፍ ቀዝቃዛ ነገር ጨብጥ። ፊትህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከር። ያልከው ነገር ግማሽ ሰዓት ቆይቶም እውነት ከሆነ ያኔ ተናገረው።»

ይህን ጅጋ ላለችው እናቴ ነገርኳት። እሷ ከዚያ በፊት ለሁለት ሱባዔ ጸበል ወስዳኝ ነበር፤ በነሐሴ ብርድ፣ ከንጋት በፊት።

«እንግዲህ ልጀ» አለች፣ «ቀዝቃዛ ውሃውንማ እኔም አፍስሸብህ ነበር። ያነ ወረቀት ስላልነበረው ነው?»

 ሲስተሯን ስጠይቃት ሳቀች፤ እናትህ አልተሳሳቱም፣ ልዩነቱ ጸበሉን ሌላ ሰው ያፈስብሃል፣ ይኼኛውን ራስህ ነህ የምትይዘው አለችኝ። ይህንንም ለእናቴ ነገርኳት። ሁለቱም የሌላዋን ትተህ የእኔን ብቻ አድርግ ስላላሉኝ ሁለቱንም ማድረግ ቀጠልኩ።

ወረቀቱ ላይ ካለው ሁሉ የሠራልኝ ጥቂቱ ነው። በአምስቱ የስሜት ሕዋሳት ራስን ማጽናናት የሚል አለ፤ ደስ የሚል ነገር አሽትት ይላል። ሱቄ ውስጥ የሚሸተው በካውያ የቀለጠ የመበየጃ እርሳስ ብቻ ስለሆነ ብርቱካን ገዝቼ አስቀመጥኩ፤ ደንበኞች እየላጡ በሉት። በረዶው ግን ሠራ። ከሱቄ ጎን ያለችው የጁስ ቤት ባለቤት ፍሪዘሯ ውስጥ አንዲት ጥግ ለቀቀችልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ለጥርሱ ነው ብላ ለሰው እንደምትናገር ግን ሰምቻለሁ። በማስታወሻ ደብተር ሰዓት መዘገብኩ። ቁጣዬ ከተነሣ በኋላ ብቻውን ከተተወ የሚቆየው ከዐሥራ ስድስት እስከ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያጣሁት በእነዚያ ሃያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የምታስተምር ልጅ አለች። የተዋወቅነው ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ስታመጣልኝ ነው። ስለ ሕመሜ ከሐኪሜና ከእናቴ ቀጥሎ የነገርኩት ለእሷ ነው፤ እጅጌዬንም ሰብስቤ አሳየኋት። አየችና፣ «እኔ ከክፍል ስወጣ የሚያለቅሱ ሰባት ልጆች አሉኝ» አለችኝ። «አንተ ስምንተኛ ነህ። እመለሳለሁ እላቸዋለሁ፣ እመለሳለሁ። ሌላ መድኃኒት የላቸውም።»

ላገባት ፈለግሁ። በእኛ አገር ደግሞ ልጅቷ እሺ ማለቷ የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ሽማግሌ መላክ አለበት፤ ሽማግሌም በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚባል ከሆነ ልጅቷ ከቤት ልትወጣ የቸኮለች ይመስላል። ስለዚህ ቤተሰቡ ደህና ከሆነ ያስጠብቃል። ሽማግሌዎቹን ደጅ ያቆማል፣ እንመካከር ይላል፣ ይቀጥራል። ቀጠሮ የበዛለት ሰው የተከበረ ነው። ሐኪሞች ፈልገው ቢያጡ እንኳ ለእኔ ዓይነቱ በሽተኛ ከዚህ የበለጠ መፈተኛ አያገኙም።

ሽማግሌ የሆኑልኝ የእናቴ ወንድም ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ፤ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሁለት ሰዎች ጋር ሄደው ማታውኑ ደስ ብሏቸው ተመለሱ። እንዴት ሆነ ስላቸው እጅግ መልካም ነው፣ ጠላም አልቀመስን፣ አልተቀመጥንም፣ ደጅ ቆመን የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ ተባልን አሉኝ። የልጅቷ አባት ከአዊ ወገን የሆኑ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ገበሬ ናቸው፤ ከወንድማቸው ጋር የተመካከሩት በአገውኛ ስለነበር ምን እንደተባባሉ የኔታ አልሰሙም። ይህም የመልካምነቱ ምልክት ነው አሉኝ። አባረውን ቢሆን ኖሮ በሚገባን ቋንቋ ያባርሩን ነበር።

እሷ ደግሞ በዚያው ቀን ደወለችና እስከ ቀጠሮው ድረስ እንደማትደውል ነገረችኝ። አባቷ ቤት ሆና፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ፣ ከእኔ ጋር ስታወራ ብትሰማ ነውር ነው። እመለሳለሁ አለችኝ። ዐሥራ አራት ቀን።

እስከ ስምንተኛው ቀን በበረዶ ቻልኩት። በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትታኛለች የሚለው ነገር እንደ ሐሳብ ሳይሆን እንደ ወሬ ደረሰኝ፤ ሰው መጥቶ የነገረኝ ያህል አመንኩት። መልእክት ጻፍኩ። «ቤተሰቦችሽ ሳይንቁኝ እኔ ንቄያቸዋለሁ። ተይው።» ሲስተሯ እንዳስተማረችኝ ደብተሬ ላይ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ፤ ብልከው የማገኘው፣ ብልከው የማጣው። በመጀመሪያው ሥር «ቀድሜ የተውኩ እኔ እሆናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ሥር «እሷን» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱን ሳመዛዝን ጣቴ የመላኪያው ምልክት ላይ እንደነበረ አየሁ።

ስለዚህ ስልኬን ፈታሁት። ጀርባውን አነሣሁ፣ ዐሥራ አንዱን ብሎኖች አወጣሁ፣ ባትሪውን ከመሰኪያው አላቀቅሁ፤ ብሎኖቹን እንደየቦታቸው ወረቀት ላይ ደረደርኩ። አራቱ ከቀሩት በግማሽ ሚሊሜትር ይረዝማሉ፤ ያለቦታቸው ከገቡ ስክሪኑን ያበላሻሉ። መልእክቱን ለመላክ ስልኩን መግጠም ነበረብኝ፤ ለመግጠም ደግሞ የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል። እጄ መንቀጥቀጡን ሲያቆም መልእክቱን መላክ አላስፈለገኝም። ለሲስተሯ ስነግራት ይኼ ወረቀቱ ላይ የለም አለችና በእስክሪብቶ ጨመረችው። ስልክ ጠጋኝ ላልሆነ ሰው ምን እንደሚጠቅም እኔ አላውቅም።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ረፋዱ ላይ ጋቢ የለበሱ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ሱቄ መጡ። በላስቲክ የታሰረ ባለ ቁልፍ ስልክ አወጡና ድምፁ አይሰማም አሉ። ይቀመጡ አባቴ አልኳቸው፤ ተቀመጡ። ከማን ተማርክ አሉኝ። ከራሴ አልኳቸው።

«እንግዲያ መምህርህም አያውቅም ነበር።»

ፈገግ አልኩ። የስልኩ ድምፅ ማውጫ በጤፍ ገለባ ተደፍኗል፤ በመርፌ ማጽዳት ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልተዉኝም። ጅጋ ያለው ልጅ ከአንተ ፈጣን ነው ይላሉ አሉ። መርፌ ስልክ ለመጠገን መሆኑን ዛሬ አየሁ አሉ። በሙቀት እጅጌህን የማትሰበስበው ንቅሳት አለብህ ወይ አሉ። ይህ ሁሉ አለፈ። ከዚያ ሱቋን ዙሪያዋን አዩና፣ «ይች ሱቅ የሁለት ሰው ነበረች አሉ። ሁለተኛው ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

«ተለያየን።»

«ጥሎህ ነው ወይስ አባረርኸው?»

ቁጣዬ ተነሣ። ይቅርታ አባቴ፣ አንድ ጊዜ ብዬ ወደ ጁስ ቤቷ ሄጄ ጠርሙሴን ይዤ ተመለስኩ። ከጠረጴዛው በታች በጉልበቶቼ መሀል አድርጌ በግራ እጄ ጨበጥኩት፤ በቀኝ እጄ ሥራዬን ቀጠልኩ። ትንፋሼን እየቆጠርኩ ነበር። «እኔ ነኝ ያባረርኩት» አልኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነበር።» ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቀን በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። 

ያልቆጠርኩት ክዳኑን ነው። መብራት ስለጠፋ ውሃው በደንብ አልረጋም፤ ስላልረጋ ክዳኑን አላጠበቅሁትም ነበር። ጭኔ የቀዘቀዘው ክህሎቱ ስለሠራ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ገጥሜ፣ ደውዬ ሞክሬ፣ በአክብሮት በሁለት እጄ ለመስጠት ብድግ አልኩ። የለበስኩት ግራጫ ሱሪ ነው።

ሰውየው አዩኝ፤ ከዚያ ቶሎ ወደ መንገዱ ዞር አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገረኝነት ሁሉ ጠፋ። ለራሳቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። «እግዜር ይማርህ ልጀ» አሉኝ በቀስታ፤ ከፍለው ሄዱ። እኔ ደግሞ ጥፋቴን በማመኔ ልባቸው የተነካ መሰለኝ። ሱሪዬን ያየሁት ከሄዱ በኋላ ነው፤ ውሃ ነውና ይደርቃል ብዬ ተውኩት። ደብተሬ ላይ «ዐሥራ ሰባት ደቂቃ። ሠርቷል። ሰውየው መረቁኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰውየው የልጅቷ አጎት ነበሩ። ሽማግሌ ደጅ ያቆመ ቤተሰብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ልጁን ያስጠናል። ጠባዩ እንዴት ነው፣ ይሳደባል ወይ፣ እጁን ያነሣል ወይ ብሎ ሰው ይልካል። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በእኔ ላይ እንደሚሠራ ግን አላሰብኩም።

የኔታ በሁለተኛው ቀጠሮ ሄደው ሲመለሱ ደስ አላላቸውም። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። ስለ ጎተራ፣ ስለ ጎተራ ክዳን፣ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ሆኖ ከታች ስለሚያፈስ ጎተራ ረጅም ነገር ጀመሩ። ቅኔ ሊያስተምሩኝ የመጡ መስሎኝ በትዕግሥት ሰማሁ። በመጨረሻ ሰለቻቸውና በግልጽ ነገሩኝ። አጎትየው ለቤተሰቡ እንዲህ ብለው መስክረዋል፦ ልጁ ትዕግሥተኛ ነው፣ እውነተኛ ነው፣ እጁም ደህና ነው፤ ግን ሽንቱን አይቋጥርም፤ ይህን የምናገረው አዝኜ ነው። ቤተሰቡም የኔታን፣ በሽማግሌነትዎ ይንገሩን፣ ይህ ልጅ የተደበቀ በሽታ አለበት ወይ ብሏቸዋል። ለመጪው ቅዳሜ መልስ ይዘው ይምጡ ተብለዋል።

ሰው ስሳደብ በነበረበት ዘመን አንድም ሰው በሽተኛ ነው ብሎኝ አያውቅም፤ ኃይለኛ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ወንድ ነው ነበር የሚባለው። መጀመሪያ ዝም ብዬ በቻልኩበት ቀን በሽታ ተገኘብኝ።

የኔታ መልሴን እየጠበቁ ነበር። ቀላል መልስ ነበረኝ፤ ውሃ ተደፋብኝ ማለት። እውነትም ነው። ከየኔታ ግን ለምን ጠርሙስ በጉልበትህ መሀል ያዝህ የሚል ጥያቄ እንደሚከተል አወቅሁ፤ ከዚያ ለጥርሴ ነው ልል ነው፤ የኔታም ይህን ይዘው ሄደው በሽማግሌነታቸው ሊመሰክሩ ነው። ሌላም መልስ መጣልኝ፤ ሁልጊዜ ሳልጠራው የሚመጣው። እነሱ እንቢ ሳይሉ እኔ ልተወው። ሄደው ልጃችን ትቶታል ይበሉ። ጠርሙሱ ሩቅ ነበር። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ፤ የኔታም የሆነ ነገር እየሆነ እንደሆነ ገባቸውና አላቋረጡኝም። ሰዓት አላየሁም። ሳይመዘገብ ያለፈ ይኼ ብቻ ነው።

ከዚያ የግራ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሲስተሯን፣ ወረቀቱን፣ በረዶውን፣ ክዳኑን። የኔታ ክንዴን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩትና መጽሐፍ እንደሚያነቡ መስመር በመስመር አዩት። ስለ ኃጢአት ይነግሩኛል ብዬ ነበር።

«እኔ ተማሪ ሳለሁ ቅኔው እንቢ ያለኝ ቀን ጫካ ገብቼ ራሴን ከዛፍ ጋር እመታ ነበር» አሉኝ። «ያነ በረዶ ያዝ የሚለኝ አልነበረም።» እጅጌዬን ራሳቸው መልሰው ቆለፉልኝ። «እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሄጄ የምናገረው ያየሁትን ነው። እንዲህ ቢሆን ይሻልሃል?»

ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ይሻለኛል አልኳቸው።

ቅዳሜ የሆነውን የነገሩኝ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ አስገብተው አስቀምጠዋቸዋል። የኔታ ልጁ ሕመም አለበት፣ ሐኪምም አለው፣ ሕመሙ የምታስቡት አይደለም ብለው ጀመሩ። ቁጣው ሲነሣ ሰው በመያዝ ፈንታ በረዶ ይይዛል፤ ያያችሁት የቀለጠውን ነው አሉ። ክንዴንም አልደበቁም።  ቀድመው የተናገሩት አጎትየው ናቸው፤ ያን ጊዜ ስሰድበው በረዶ ይዞ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ ተባሉ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ በዚህ ጊዜ ለሁሉም በሚገባ ቋንቋ፣ «ከሚመታ አማች የሚያርስ አማች ይሻላል» አሉ። ቤቱ ሳቀ። አባትየው አልሳቁም።

«ታዲያ ምን አሉ?» አልኳቸው የኔታን።

እህሉ ከአውድማ ይግባና ተመለሱ፣ ያነ ልጁም አብሮ ይምጣ፣ ላየው እፈልጋለሁ ነው ያሉት።

«ይኼ እሺ ነው እንቢ?»

«ቀጠሮ ነው» አሉኝ የኔታ፣ ተነሥተው ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

በዚያ ዓመት ዳጉሳውም በቆሎውም ዘግይቶ ነበር። እህሉ እስኪገባ ስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ዐሥራ አራት ቢሆን ኖሮ እቆጥር ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ከእሷ ነው፣ አጭር መልእክት። «ስምንተኛ፣ ሱሪህ ደረቀ? አልደውልም። እመለሳለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ባዶ ጠርሙሴን ይዤ ወደ ጁስ ቤቷ ሄድኩ፤ ሦስት አራተኛው ድረስ ሞላሁት፣ ክዳኑን አላላሁ፣ ጥጌ ላይ አስቀመጥኩት። መብራት ነበር። ማታ ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት ተመልሼ ክዳኑን አጠበቅሁት።